የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚሠራው አንደኛ ክፍል ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የታችኛው ክፍል የንባብ ውጤት እንደ 12ኛ ክፍል ውጤት በየዓመቱ ይፋ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ አገሩ ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ የለውም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ደረሰ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 መሆናቸውን የነገራችሁን እናንተው ናችሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወላጅ በመምህሩ ያሳብባል። መምህሩ በስልኩና በቲክቶኩ። ተማሪው በፈተናው ክብደት። ሁሉም የየራሱን ተናግሮ ሲበቃው፣ ጉዳዩ እስከ ቀጣዩ ዓመት ይረሳል።

ኩረጃውን ስላስቆማችሁ ከሚወቅሷችሁ ሰዎች አይደለሁም። ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አጓጉዞ መፈተን ጣጣው ብዙ ነው። ቢሆንም እውነተኛውን ቁጥር አሳይቶናል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ቁጥር የተሠራው መቼ ነው? ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነው ወይስ ሰባት ዓመት እያለ?

ለዚህ ጥያቄ ደህና መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በእኛው ልጆች ላይ ነው። እዚህ ግን ብዙም አይወራለትም። ሚኒስትሩ ራሳቸው የኢኮኖሚክስ ሰው ስለሆኑ ጥናቱን ከእኔ በተሻለ ሊያነቡት ይችላሉ። እኔ ግን ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለኝ ከመነሻው ልጀምር።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ከወጡ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ቀንና በማግስቱ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወንበሩ የተነቀለ አንድ ጃምቦ ጄት ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው እንደጫነ ይታወቃል። ዘመቻ ሰለሞን የሚባለው ይህ ነው። ከተወሰዱት ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ነበሩ። ገበሬ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ። አብዛኞቹ ወላጆች የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

እስራኤል እንደደረሱ በአውቶቡስ እየተጫኑ በየአገሩ ዳርቻ ወዳሉ መቀበያ ማዕከላት ተበተኑ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን መርካዝ ክሊታ ይሉታል። አንዱ ቤተሰብ ሰሜን ሄደ፣ ሌላው ደቡብ። ማንም «የትኛው ሰፈር ጥሩ ትምህርት ቤት አለው?» ብሎ የመረጠ የለም። ቋንቋውን አያውቁ፣ አገሩን አያውቁ፣ ምን ብለው ይምረጡ? ልጆቹም በማዕከሉ አቅራቢያ ወደሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። አንዱ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ጎበዝ ነው፣ የሌላው ሰፈር ደካማ።

ይህንን አጋጣሚ ያዩት ሦስት ኢኮኖሚስቶች ናቸው። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪ እና ዳንኤሌ ፓሰርማን። በተለይ ላቪ ዕድሜ ልካቸውን የሥራ ገበያንና የትምህርትን ነገር ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ለምን ጓጉ ቢባል ምክንያቱ ቀላል ነው። በሌላ ጊዜ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ተጣብቀው ስለሚመጡ መለየት አይቻልም። አዲስ አበባ ያለን ወላጅ አስቡት። አቅም ያለው ልጁን ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። በዚያ ላይ አስጠኚ ይቀጥራል። ማታ እናቲቱ የቤት ሥራውን ታያለች። ልጁ ሲያልፍ ያሳለፈው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ነው፣ አስጠኚው ነው፣ ወይስ እናቱ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የዘመቻ ሰለሞን ልጆች ግን ቤተሰባቸው ተመሳሳይ ነው፣ የመጡበት ቀዬ ተመሳሳይ ነው፣ የመጡበት ቀን እንኳ አንድ ነው። የተለያየው የደረሳቸው ክፍል ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ላይ ታተመ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሒሳብ ውጤቱ በተሻለ ትምህርት ቤት የጀመሩት ልጆች ዓመታት አልፈው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲታዩ ያቋረጡት ያነሱ ናቸው። ክፍል የደገሙት ያነሱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስፈልገውን ባግሩት የሚባለውን ፈተና ያለፉትም የበለጡ ናቸው። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር የሚላኩት። የልጅነት ሰፈራቸውን ጥለው ሄደዋል ማለት ነው። በልጅነት የደረሳቸው ክፍል ግን አብሯቸው ሄዷል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ጥናቱ እስራኤል የእኛን ልጆች እንዴት አድርጋ እንደተቀበለች የሚያወድስ ጽሑፍ አይደለም። እኔም ያን ለማለት አልጻፍኩም። እነዚያ ልጆች ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠማቸው፣ በቀለማቸው የተነሳ በየትምህርት ቤቱና በየቀጣሪው ደጅ ምን እንዳዩ ራሳቸው አደባባይ ወጥተው ነግረውናል። ጥናቱ የሚለው አንዲት ነገር ነው። ማንበብና መጻፍ ከማይችል የጎንደር ገበሬ የተወለደ ልጅ፣ ጥሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካገኘ፣ እንደሱ ካላገኘው የጎረቤቱ ልጅ የተለየ ዕድል ይኖረዋል። በቃ።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን እኛ አገር «ከማን ተወለደ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ጥናት አለ። ኢኮኖሚስቱ አልቤርቶ አሌሲና ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር የአፍሪካ አገሮችን የሕዝብ ቆጠራ ሰብስበው ያጠኑትና እሳቸው ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ነው። የጠየቁት ጥያቄ ቀጥተኛ ነው። ወላጆቹ አንደኛ ደረጃን ያልጨረሱ ልጅ፣ እሱ ራሱ የመጨረስ ዕድሉ ስንት ነው? በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና ከ70 በመቶ በላይ። በኢትዮጵያ ከ20 በመቶ በታች። ከሱዳን፣ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ነን።

«ያ የድሮ መረጃ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተሠርቷል፣ ልጆችም ገብተዋል። ግን ገብተው ምን አገኙ? እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች የተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ሁለት ዓመት ተምረው፣ አንድ ቃል! እነዚያ ልጆች የት ደረሱ ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ካልደገመ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚደርሰው እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የደገመው ደግሞ 3.3 በመቶ ብቻ ያለፉበት ፈተና ላይ ይደርሳል።

አንደኛ ክፍል የምታስተምር ዘመድ አለችኝ፣ ገጠር ነው ያለችው። ክፍሏ ውስጥ ከ80 በላይ ልጆች አሉ። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተሰቅሏል። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ…» ሲሉ ጣሪያው ይነቃነቃል። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ክፍሉ በጣም ጎበዝ ነው። አንድ ቀን ሁሉንም ፊደል በደብተር ሸፍና «ሙ»ን ብቻ አሳየቻቸው። ዝም። አንድ ልጅ ወደ ገበታው ቀርቦ ከላይ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለ በጣቱ ወረደ። ከዚያ «መ፣ ሙ» ብሎ ደረሰበት። ፊደሉን አላወቀውም። ቆጥሮ ነው ያገኘው። ሌሎቹ መቁጠሩንም አልቻሉም።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ድሮ ነው ያወቀው። ለዚህ ነው ሀሁን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚቆጥረው። አ ቡ ጊ ዳ… ቅደም ተከተሉ ሲገለባበጥ ልጁ በዜማ ማምለጥ አይችልም፣ ፊደሉን በመልኩ ማወቅ ግድ ይለዋል። የኔታ ደግሞ ልጁን አንድ በአንድ ነው የሚያስነብቡት፣ ስንጥር ይዘው እየጠቆሙ። የድሮውን ዱላ እየናፈቅኩ አይደለም። ያ ትምህርት ቤት ጥቂቶችን አስነብቦ ብዙዎችን የሚተው እንደነበርም አልክድም። ግን ልጁ «ያውቃል ወይስ ከሌላው ጋር እየጮኸ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ዳዊት አያሻግሩም። እኛ ጋ ልጁ ቢያውቅም ባያውቅም ሁለተኛ ክፍል ይገባል፣ ሦስተኛ ይገባል። መጽሐፉ ግን ያነባል ብሎ ነው የሚጠብቀው። የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ማንበብ ለማይችል ልጅ ሥዕል ብቻ ነው።

ይህን ሳወራ «ዋናው ችግር የተማሪ ብዛት ነው» የሚለኝ ሰው አላጣም። ብዛቱማ ችግር ነው፣ የራሳችሁ መመሪያ እንኳ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50 ነው የሚለው። ግን ቪክቶር ላቪ እዚህም ላይ የሚነግሩን አላቸው። ከጆሹዋ አንግሪስት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንግሪስት እ.ኤ.አ. በ2021 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ናቸው። በእስራኤል አንድ ክፍል ከ40 ልጅ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል። ደንቡ የተወሰደው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከአይሁዱ ሊቅ ከሙሴ ማይሞኒደስ ነው። ስለዚህ 40 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ክፍል ሲኖረው፣ 41 ያለው ሁለት ትንንሽ ክፍል ይኖረዋል። ሁለቱን ሲያወዳድሩ የትንንሾቹ ክፍሎች ውጤት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ደስ የሚለው ግን ይህ አይደለም። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በአዲስ መረጃ ደገሙት። ልዩነቱ ጠፋ! ያንንም አልደበቁም፣ አሳተሙት። የኛ ቢሮዎች ከዚህ ቢማሩ ደስ ይለኛል። ለማንኛውም ነገሩ የሚያሳየን ልጆቹን ቆጥሮ መክፈል ብቻውን ሁልጊዜ እንደማይሠራ ነው። ፊት ለፊታቸው የሚቆመው ማን ነው የሚለው ይከተላል።

እሱ ላይ ነው የምታሳፍረን ነገር ያለችው። ለረጅም ዘመን የአንደኛ ደረጃ መምህር ሲመለመል የኖረው እንዴት ነው? አሥረኛ ክፍል ላይ ለመሰናዶ ያልበቃው ልጅ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይሄድ ነበር። ደመወዙ ከሁለተኛ ደረጃው መምህር ያነሰ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ የተለመደ ነገር አለ። አዲስ የተቀጠረውን አንደኛ ክፍል ይሰጡታል፣ ልምድ ያለው ሲሆን ወደ ላይ ይወጣል። አንደኛ ክፍል መመደብ እንደ ቅጣት የሚታይበትም ቦታ አለ። ዘመዴ «አንቺ አሁንም ሀሁ ላይ ነሽ?» ይሏታል። ሰባተኛ ክፍል የሚያስተምረው ጓደኛዋ ነው እንደ ትልቅ ሰው የሚከበረው።

ቤቱ መጽሐፍ ያለው፣ እናቱ አንባቢ የሆነች ልጅ በዚህ መሃል ብዙም አይጎዳም። ደካማ አንደኛ ክፍል ቢገጥመው እቤት ይሞላለታል። የሚወድቀው የእረኛው ልጅ ነው፣ የጉሊት ቸርቻሪዋ ልጅ ነው። ለእሱ ያቺ ክፍል ያለችው ብቸኛ ዕድሉ ናት። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችን ደካማ ሲሆኑ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ ሀብታሙን ሀብታም፣ ድሀውን ድሀ አድርገው ያስቀጥላሉ። 3.3 በመቶው ውስጥ የማን ልጆች እንዳሉ ብትፈትሹ አንድ ነገር ታያላችሁ ብዬ እገምታለሁ። የተፈታኞቹ ውጤት እጃችሁ ላይ ነው። የተፈታኙን ወላጆች የትምህርት ደረጃ ብትጠይቁና ውጤቱን በዚያ ከፍላችሁ ብታሳዩን ለእኛም ይገለጥልን ነበር።

ሪሚዲያሉን፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ላላመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት፣ በተመለከተ ብዙ አልልም። ልጆቹን ከነጭራሹ ከመጣል ይሻላል። ግን ልጁ በሰባት ዓመቱ የጀመረውን ክፍተት በወራት ልሙላ ማለት፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ አልጋና ምግብ እየተሰጠ፣ ወጪው ስንት ነው? በዚያ ገንዘብ ስንት አንደኛ ክፍል ይቃናል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ አልነበር?

«ትምህርት ለትውልድ» ብላችሁ ትምህርት ቤቶች እንዲታደሱ ማድረጋችሁን አይቻለሁ። ጣሪያውና ወንበሩ ያስፈልጋል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማንም አይማርም። ለልጆች ምገባ መደረጉም ትልቅ ነገር ነው። ግን ግንባታ ዓይን ይሞላል፣ ሪባን ይቆረጥበታል። አንድ ልጅ «ሙ»ን ለይቶ ማወቁ ደግሞ ሪባን የለውም። ስለዚህ ማንም አይጠይቃችሁም። እኔ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ከቁጥር ያለፈ አይደለም። በየዓመቱ ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ናሙና ወስዳችሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ መቻላቸውን መዝኑ። ውጤቱን በየወረዳው ይፋ አድርጉት። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት በዚያው መግለጫ ላይ፣ በዚያው ማይክሮፎን ይነገር። ጋዜጠኛው ስለ እሱም ይጠይቅ። የወረዳ አስተዳዳሪው የእሱ ወረዳ ስንተኛ እንደሆነ ይወቅ። ምዘናዎች ሲደረጉ እንደነበር አውቃለሁ፣ ሪፖርታቸው ግን መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ወላጁ ሳያየው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ከትምህርት ቤቱ የተሻለው መምህር ይሁን። ይህ እንዲሆን አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ልምድ ያለው መምህር ጥቅማጥቅም ያስፈልገዋል። የደረጃ ዕድገቱ ወደ ላይ ክፍል በመውጣት ሳይሆን እዚያው ሆኖ እንዲያገኘው ይደረግ። ገንዘብ የለም ካላችሁ፣ ከሪሚዲያሉ ጀምራችሁ ሒሳቡን አሳዩን። እኔ እዚህ ተቀምጬ ስንት እንደሚያስወጣ ላሰላው አልችልም፣ እናንተ ግን ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሴት ልጆች። ላቪ ከኤዲት ሳንድ ጋር ሆነው በቴል አቪቭ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ያጠኑት ጥናት ነበር። መምህሩ ስሙን እያየ ያረመውን የሒሳብ ፈተናና ስሙን ሳያይ የታረመውን አወዳደሩ። ለወንዶች የሚያደሉ መምህራን ያስተማሯቸው ሴት ልጆች በኋላ ከባዱን ሒሳብ የመምረጥ ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር «ይሄ ለሴት አይሆንም» ብሎ የሚያስተላልፈው ስሜት ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የሴቶች ውጤት ለምን ዝቅ አለ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ መልሱን 12ኛ ክፍል ውስጥ አትፈልጉት።

እኔ መምህር አይደለሁም፣ ባለሙያም አይደለሁም። የሁለት ልጆች ወላጅ ነኝ፣ ልጆቼም የሚማሩበት ትምህርት ቤት ቤታችን መጽሐፍ ስላለ ብቻ ብዙ ነገር ይሸፈንለታል። የዘመዴ ተማሪዎች ግን እቤታቸው የሚሞላላቸው የለም። የሚቀጥለው ውጤት ሲለቀቅ ከ12ኛ ክፍል ቀጥሎ «ሦስተኛ ክፍል፣ ማንበብ የሚችሉ» የሚል አንድ መስመር ብታክሉልን፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያሳፍር፣ ሌላ ደብዳቤ አልጽፍም። ካልሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት የምጽፈው ይህንኑ ነው፣ ቁጥሮቹን ብቻ ነው የምቀይረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ